ጕርምርምታው ከየት መጣ?

ሰው ዕቃ ሲበላሽበት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ሆነ?» ብሎ አይደለም፤ «ማን ነካው?» ብሎ ነው። ይህ ጠባይ በትልቁም በትንሹም፥ በተማረውም ባልተማረውም ላይ ይታያል። እኔም ከዚህ ጠባይ ነጻ አልነበርሁም። ስለዚህ በእርሱ ምክንያት የደረሰብኝን፥ እውነቱን ለመናገርም በሌላ ሰው ላይ ያደረስሁትን፥ ለእናንተ ለወጣቶች ልንገራችሁ። የነገሩ መነሻ አንድ አሮጌ የድምፅ ማጉያ ነው።

አባቴ በ1962 ዓ.ም. ከአውሮፓ የመጣ የድምፅ ማጉያ ገዝቶ ነበር። ይህ ማጉያ እንደ ዛሬዎቹ በአንድ እጅ የሚነሣ ቀላል ዕቃ አይደለም፤ ታቅፈው የሚያነሡት ከባድ ብረት ነው። በላዩ የብርጭቆ ቫልቮች ቆመውበታል፤ ሲበራም ከውስጣቸው እንደ ፍም ያለ ብርሃን ይታያል። ቫልቭ የራሱ ታሪክ አለው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1904 እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1906 አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት ሦስተኛ ክፍል ጨመረበት፤ በዚህም ደካማውን ድምፅ ማጉላት ተቻለ። የአባቴ ማጉያ የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ሥራ የልጅ ልጅ ነበር ማለት ይቻላል።

አባቴ ማታ ከሥራ ሲመለስ እግሩን ይታጠብና የጥላሁን ገሠሠን ሸክላ ያስቀምጥ ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜም ከእግሩ ሥር ተቀምጠን የቫልቮቹን ብርሃን እያየን እንሰማ ነበር። አባታችን ባረፈ ጊዜ ሸክላዎቹን እኩል ተካፈልን፤ ማጉያው ግን ታላቅ ነኝና ለእኔ ደረሰ።

በጥር ወር 2005 ዓ.ም. ወንድሜ ወደ ቤቴ መጣና፥ «ጋሼ፥ ጓደኛዬ ልጁን ይድራል። በመልሱ ቀን የድሮ ሸክላ ልናሰማ አስበናልና ማጉያውን አውሰኝ» አለኝ። እኔም ሰጠሁት። ከ15 ቀን በኋላ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፥ አንድ ጭረት እንኳ ሳይነካው መለሰልኝ። በዚያው ማታ ግን ከቦታው አስቀምጬ ባበራሁት ጊዜ፥ ገና ሸክላ ሳላስቀምጥ፥ ከድምፅ ማውጫው «እምምም» የሚል ወፍራም ጕርምርምታ ሰማሁ። ዘፈኑ ሲጀመር ይሸፈናል፤ ዘፈኑ ሲያርፍ ግን ተመልሶ ይሰማል።

በማግሥቱ ወንድሜን አስጠራሁና «ጥለኸዋል» አልሁት።

«አልጣልሁትም» አለ።

«እንግዲያስ የማያውቅ ሰው ነካክቶታል።»

«ከአጠገቡ አልተለየሁም።»

«ከእጄ ሲወጣ ደኅና ነበር፤ ከእጅህ ሲመለስ ታመመ። ከዚህ ሌላ ምን ምስክር ያሻል?» አልሁት።

እርሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። የዚያን ጊዜ አንገቱን መድፋቱን እንደ ጥፋተኛ ቃል ቈጠርሁት። ልብ በሉ፤ የተናገርሁት ነገር ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ማስረጃ አይደለም። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መጣ ማለት ከሌላው የተነሣ መጣ ማለት አይደለም።

ከዚህ በኋላ ማጉያውን ወደ አንድ ሬዲዮ ሠሪ ወሰድሁት። ሰውዬው «ምን ሆኖ ነው?» ቢለኝ «ወድቆ ነው» አልሁት። እኔ ፍርዱን ይዤ ስለ ሄድሁ እርሱም መውደቅ የሚያመጣውን ጕዳት ብቻ ፈለገ፤ ሁለት ቫልቮች ለውጦ መለሰልኝ። ጕርምርምታው ግን እንደ ነበረ ነበር። ሕመምተኛው ራሱ የበሽታውን ስም ነግሮ ቢልከው ሐኪሙ ይሳሳታል፤ ጥፋቱም የሐኪሙ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ዕቃውን ጆንያ አልብሼ ከጓዳ አስቀመጥሁት። ከወንድሜም ጋር አልተጣላንም፤ ነገር ግን ከመጣላት የማይሻል ነገር በመካከላችን ገባ። በለቅሶና በሠርግ እንገናኛለን፤ «እንደምን ሰነበትህ» እንባባላለን፤ ከዚያ በላይ ቃል አይወጣንም። እናታችን ልታስታርቀን በሞከረች ጊዜ «ምን ተጣላንና ነው የምንታረቀው?» እያልሁ እመልሳት ነበር። እርሷም የእኛን መልካም ቀን ሳታይ ዐረፈች። ይህ ሁሉ 11 ዓመት ቈየ።

የእኔና የአባቱ ነገር የወንድሜን ልጅ ከቤቴ አላስቀረውም ነበር። ልጁ የኤሌክትሪክ ትምህርት ይማራል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳለ ከጓዳ ያለውን ማጉያ አየና ዐይኑ በራ።

«ጋሼ፥ ይህ ምን ሆኖ ነው የተቀመጠው?» አለኝ።

«ከብዙ ዓመት በፊት ወድቆ ተበላሸ» አልሁት። ማን እንደ ጣለው ግን አልነገርሁትም።

«ሲወድቅ ያየው ሰው አለ?»

ይህን ጥያቄ በ11 ዓመት ውስጥ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። «የለም» አልሁት።

«እንግዲያው ገና አልታወቀም ማለት ነው። ይፍቀዱልኝና እንፈትነው» አለ።

ልጁ ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ጆሮውን አቀረበ። አስቀድሞ ጕርምርምታው የሚወጣው ከራሱ ከማጉያው ብረት ነው ወይስ ከድምፅ ማውጫው ብሎ አዳመጠ። «ዕቃው ወድቆ ትራንስፎርመሩ ላልቶ ቢሆን የሚንቀጠቀጠው ብረቱ ራሱ ነበር፤ ይህ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ድምፁ የሚመጣው በሽቦ ነው» አለኝ። ቀጥሎ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያለ የማጉያውን ወገን ሁሉ መታ መታ አደረገ። የተሰነጠቀ ብየዳ ቢኖር ድምፅ ማውጫው ይንጣጣ ነበር፤ ነገር ግን ምንም አልተንጣጣም። በዚህ ጊዜ እኔ ከጎኑ ቆሜ ሳለሁ ሆዴ መረበሽ ጀመረ፤ በወንድሜ ላይ የፈረድሁባቸው ሁለት ነገሮች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወድቀዋልና።

ከዚያም የድምፁን መቈጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገ። ጕርምርምታው አልጠፋም። «ይህ እንግዲህ ከመቈጣጠሪያው ወዲህ ያለ ነው» አለ። ቀጥሎ ቀስ በቀስ ከፍ ቢያደርገው ሌላ፥ ከፊተኛው የወፈረ ጕርምርምታ አብሮ አደገ። ከሸክላ ማጫወቻው የሚመጣውን ገመድ ነቀለና በምትኩ አፉ የተዘጋ መሰኪያ ሰካ፤ አፉ የተዘጋ ማለት የመካከሉ ሽቦ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘና ምንም ድምፅ የማያስገባ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛው ድምፅ ጠፋ፤ የመጀመሪያው ግን ቀረ።

«ጋሼ፥ ሁለት ናቸው» አለኝ። «አንዱ ከውስጥ ነው፤ አንዱ ከውጭ የሚገባ ነው። እንደ አንድ ቈጥረው ስለ ሰሙአቸው ነው መድኀኒት የጠፋላቸው።»

እነሆ፥ ምክንያቱን እርሱ እንዳስረዳኝ ላስረዳችሁ። በአገራችን ወደ የቤቱ የሚገባው የመብራት ኀይል 220 ቮልት ነው፤ አቅጣጫውንም እየለዋወጠ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ቫልቮቹ ግን የሚፈልጉት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ጸጥ ያለ ኀይል ነው። ስለዚህ በማጉያው ውስጥ አንድ ቫልቭ የሚመላለሰውን ኀይል ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጕብታ ስለሚሆን በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚዘል ኀይል ይገኛል፤ ገና ጸጥ አላለም ማለት ነው። ይህን ዝላይ የሚያስተካክሉት ካፓሲተር የሚባሉት ናቸው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ሰዎች ይህን ለመረዳት አያስቸግራችሁም፤ ውኃው ሲመጣ በርሜሉ ይሞላል፥ ሲሄድም ከበርሜሉ እየተቀዳ ቤቱ ሳይጠማ ይውላል። ካፓሲተርም እንደዚሁ ኀይሉ ሲበዛ ይሞላል፥ ሲጐድል ይሰጣል።

አሮጌው ካፓሲተር በውስጡ የተጠቀለለ ቀጭን የአሉሚኒየም ቅጠልና ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት አለው። ያ ፈሳሽ በዘመን ብዛት ይደርቃል። ሲደርቅም በርሜሉ እያነሰ ይሄዳል፤ ጕድለቱን መሙላት ሲያቅተው በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚዘለው ኀይል እንዳለ ወደ ድምፁ ይገባል። ሁለተኛው ጕርምርምታ የወፈረበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ እርሱ የተነሣው ገና ካልተመለሰው፥ በሴኮንድ 50 ጊዜ ከሚመላለሰው ኀይል ነበር።

እንግዲህ መክፈት ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጣችሁ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ኀጢአት ይሆንብኛልና። በዚህ ዐይነት ማጉያ ውስጥ ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ኀይል አለ። ከሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ያንን ኀይል ይዘው ሊቈዩ ይችላሉ፤ ሰውንም ይገድላል። የወንድሜ ልጅ ዕቃውን ነቀለ፤ ጥቂት ቈየ፤ ከዚያ ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አያይዞ የቀረውን ኀይል ቀስ ብሎ አፈሰሰው፤ በቴስተርም ለክቶ ባዶ መሆኑን አየ። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ብቻ እጁን አገባ። «ጠፍቷል ብሎ ማመንና ጠፍቷል ብሎ ማረጋገጥ የተለያዩ ናቸው» አለኝ። እኔም የ11 ዓመት ቂሜን አሰብሁ፤ እርሱም ከሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ኀይሉን ይዞ የተቀመጠ ነበር።

ልጁ እዚያም ቢሆን አልቸኰለም። አስቀድሞ ድምፁን የሚያወጡትን ሁለት ትልልቅ ቫልቮች መረመረ። እነዚህ ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ እኩል ሲስቡ የኀይሉን ዝላይ እርስ በርሳቸው ያጠፉታል፤ አንዱ ቢደክም ግን ጕርምርምታው ያልፋል። ቢለካቸው የሚስቡት ኀይል የተቀራረበ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን አጥፍቶ፥ ኀይሉን አፍስሶ፥ አዲስ ካፓሲተር ከአሮጌው ጎን ለሙከራ አገናኘና እጁን አውጥቶ አበራው። የመጀመሪያው ጕርምርምታ እንደ ተራራ ጉም ሳሳና ጠፋ። በዚህ ጊዜ ብቻ «ተገኘ» የሚለው ቃል ከአፉ ወጣ።

አሮጌዎቹን አውጥቶ ቢለካቸው 50 ማይክሮፋራድ ሊይዙ የሚገባቸው ሁለቱ ካፓሲተሮች አንደኛው 11፥ ሁለተኛው 17 ብቻ ይዘው ተገኙ። እኔም «እንግዲያስ በደንብ እንዲጠግብ 200 እናድርግለት» ብለው ሳቀ። ኀይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመልሰው ቫልቭ ጂ ዜድ 34 የሚባለው ነበር፤ ለእርሱም ከፊቱ የሚቀመጠው ካፓሲተር ከ60 ማይክሮፋራድ እንዳይበልጥ ሠሪዎቹ ወስነዋል። በርሜሉ ከመጠን በላይ ቢሰፋ እርሱን ለመሙላት ሲል ቫልቩ ይቃጠላል። ስለዚህ 47 ማይክሮፋራድ የሆኑ፥ በቮልትም ከአሮጌዎቹ የማያንሱ ሁለት ካፓሲተሮች ገዛን፤ መደመሪያውንና መቀነሻውን ሁለት ጊዜ አይቶ በየዳቸው። እርሱ ቢገለበጥ ይፈነዳልና። መድኀኒትም ልክ አለው።

አንደኛው በዚህ ዐለቀ። ስለዚህ ጕርምርምታ ማንን እንውቀስ? አባቴ በ1962 ዓ.ም. የገዛው ዕቃ በ2005 ዓ.ም. 43 ዓመት ሆኖት ነበር። ያረጀው በወንድሜ እጅ ሳይሆን በዘመን እጅ ነው።

ስለ ሁለተኛው ሲጠይቀኝ ግን አፌ ተሳሰረ። ልጁ የሸክላ ማጫወቻውን ገመድ እየተከተለ ሄዶ ከጀርባው አንድ የመዳብ ሽቦ አገኘ። ሽቦው በመስኮት ወጥቶ ከግቢው ውስጥ ከተተከለ ብረት ጋር ታስሯል።

«ይህን ማን አሰረው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማጉያው ከወንድሜ በተመለሰ ቀን የቤቱን ዕቃ አዛውሬ ማጫወቻውን በሌላ ጠረጴዛ አስቀመጥሁት። ብረቱን ብነካው እጄን ነዘር አደረገኝ። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ሽቦ ከብረቱ አስሬ በግቢው መሬት ላይ ተከልሁት። ማጉያው ግን በስፒናው በኩል ቀድሞውኑ መሬት ነበረው። ማጫወቻው በእኔ ሽቦ ሌላ መሬት ሲያገኝ፥ የድምፁም ገመድ ሽፋን ሁለቱን ሲያገናኛቸው፥ ሽቦው ሁሉ ዞሮ የሚገጥም አንድ ትልቅ ቀለበት ሆነ። በቤት ውስጥ ያለው የመብራት ኀይል በእንዲህ ያለ ቀለበት ውስጥ ሳይጠሩት ይገባል፤ በሁለቱ መሬቶች መካከል ያለው ጥቂት ልዩነትም በገመዱ ሽፋን ላይ ይፈስሳል፤ ማጉያውም ያንን እንደ ዘፈን ቈጥሮ ያጐላዋል። ልጁ የእኔን ሽቦ ፈትቶ የማጫወቻውን ብረት በአጭር ሽቦ ከማጉያው ብረት ጋር አገናኘው፤ ለሁለቱም አንድ መሬት በቃቸው። የስፒናውን የመሬት መስመር ግን አልነካውም። ጕርምርምታን ለማጥፋት ብሎ እርሱን የሚቈርጥ ሰው ጸጥታን በሕይወቱ እንደ ገዛ ይቈጠራል።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቀው ነበር። በእኔ ላይ የተነገረ መሆኑን ግን የዚያን ቀን ዐወቅሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ካፓሲተሩ የደረቀው ቀስ በቀስ ከሆነ፥ ጕርምርምታውን በዚያ ማታ ብቻ እንዴት ሰማሁት? ልጁን ብጠይቀው እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚያድገውን ነገር ጆሮ ይለምደዋል። 15 ቀን ሲለይዎ ጆሮዎ ዐረፈ፤ ሲመለስም እንደ አዲስ ሰማው።» እንግዲህ ወንድሜ ያደረገው ነገር ቢኖር ጆሮዬን ማሳረፉ ብቻ ነበር።

በሚከተለው እሑድ ማጉያውን በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ደነገጠ። ገብቼ ከመቀመጤ በፊት ነገሩን ሁሉ፥ የካፓሲተሩንም የሽቦውንም፥ ነገርሁትና «በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ይቈጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቈጣም በወደድሁ። እርሱ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ማጉያውን ሲያይ ቈየና እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፥ እኔም እኮ እስከ ዛሬ ያበላሸሁት እኔ መስሎኝ ነበር። መኪናው ላይ ሲጫን አንዴ ነቅነቅ ብሎ ነበር። ‹በዚያ ጊዜ ይሆናል› እያልሁ የአባባን ዕቃ ያጠፋሁ ሰው ሆኜ ኖርሁ።»

ይህ ቃል ከሁሉ ይበልጥ ቈረጠኝ። ሳይመረምሩ የተናገሩት ክስ ተከሳሹን ከማስቀየም ዐልፎ ንጹሑን ሰው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። ያን አንገት መድፋት እኔ የጥፋተኛ ምልክት አድርጌ ያየሁት፥ የራሴ ቃል ያሳደረበት ሸክም ነበር። ማጉያውን በሦስት ቀን አዳንነው፤ እነዚያን 11 ዓመታት ግን የሚመልስ ብየዳ የለም፤ እናታችንም አላየችልንም።

ማጉያው ዛሬ ያለው በወንድሜ ቤት ነው። እሑድ እሑድ የእኔን ድርሻ ሸክላዎች ይዤ እሄዳለሁ፤ ከእርሱ ጋር ደባልቀን እንሰማለን። ሸክላው አልቆ መርፌው ሲነሣ ሁላችንም ጥቂት ዝም እንላለን፤ ጕርምርምታ አይሰማም።

እናንት ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምትይዙት አንድ ነገር ይህ ይሁን። በቤታችሁ፥ በሥራችሁ ወይም በወዳጅነታችሁ መካከል ጕርምርምታ በሰማችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ «ማን ነው?» አትበሉ፤ «ከየት ነው?» በሉ። አንድ ብቻ ነው ብላችሁም አትቸኵሉ፤ ሁለት ሊሆን ይችላልና። አንዱ ዘመን ያመጣው፥ ማንም የማይወቀስበት ይሆናል። ሌላውን ግን ሽቦውን ይዛችሁ ተከተሉ፤ ምናልባት ጫፉ ከገዛ ግቢያችሁ ይገኛል።